ለጀርመኖቹ የተቀባሁት ቅቤ

ጀርመን አገር የዶክትሬት ቦታ መፈለግ በጫሞ ሐይቅ ቆሮሶ አሳ ሆድ ውስጥ ትል ከመፈለግ ይከብዳል። ሁለቱንም ስለሠራሁ ነው የምናገረው። ትሉ ደግነቱ የአሳው ሆድ እስኪከፈት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቦታው ግን ማስታወቂያውን አንብቤ ሳልጨርስ ይዘጋል።

ትሉን ያነሳሁት እንጀራዬ ስለሆነ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ላብራቶሪ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም የያዝኩት በአሳ ጥገኛ ትሎች ነው። ጠዋት ጫሞ ዳር ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ሌላው ሰው ወፍራም ወፍራሙን አሳ ሲያማርጥ፣ እኔ ሆድ ዕቃውን እለምናለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አሳ አጥማጆቹ «ድመት ታረባለች» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ለምደውኛል፤ «የሆድ ዕቃዋ እህታችን መጣች» ብለው መንገድ ይለቁልኛል። እንዲህ ያለ ማዕረግ የተሸከመ ሰው ዶክተር ለመባል ቢቸኩል አይፈረድበትም።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ጀርመን አገር የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ተቀጣሪ ነው። አንድ የምርምር ተቋም «በዚህ ጉዳይ ላይ አራት ዓመት የሚሠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ልክ ሾፌር ወይም ጥበቃ እንደሚፈለገው ማለት ነው። ስለዚህ «አስተምሩኝ» ብሎ መለመን አይሠራም፤ «ይህን ሥራ ከእኔ የተሻለ የሚሠራላችሁ የለም» ማለት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ አነጋገር አፌን አልፈታሁም። ባደግኩበት ቤት ሰው ፊት ቆሞ «እችላለሁ» የሚል ሰው ወይ ሰክሯል፣ ወይ ሚስት ሊጠይቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎቼን ያየ ሰው ለዘመድ የተላኩ ይመስሉታል። ፕሮፌሰሩ እንዴት እንደከረሙ፣ ቤተሰባቸው ደህና እንደሆነ፣ ዝናቡ እንዴት እንደያዛቸው ስጠይቅ ቆይቼ ወደ ትሎቹ የምደርሰው ገጹ ሊያልቅ ሲል ነበር። መልስ አልመጣም። ሰላምታውን አወጣሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ መግባት ጀመርኩ። ይኸኛው ደግሞ ከልክ በላይ ቀጥታ ሆነ። ለአንዱ ፕሮፌሰር ከማመልከቴ በፊት ጽሑፎቹን ሁሉ አንብቤ ነበርና፣ ከሠንጠረዦቹ በአንደኛው ላይ ድምሩ እንደማይገጥም ጠቆም አደረግኩት። በማግስቱ መለሰልኝ። አመሰገነኝ፤ ስህተቱን አረመ፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚባል ነገርም አለ። አማካሪዬ የነበሩት መምህር እንደ አገሩ ልማድ «አንቺው ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ። «እኔ ስለ ራሴ ምን አውቃለሁ? እርስዎ ያዩትን ይጻፉ» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። በስንት ደጅ ጥናት ጻፉልኝ፤ ሳይቆጡ የጻፉት ግን አይመስለኝም። «ዝምተኛ ናት። ሁሉን ነገር ሁለቴ ትቆጥራለች። ሌላው ሰው የቆጠረውንም ትቆጥራለች። በዚህ ምክንያት አብሯት መሥራት አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል» ይላል። እንዳነብበው ሰጡኝና የማስተባብለው ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ይህን ይዤ ሁለት ዓመት ያህል እምቢታ ሰበሰብኩ። የጀርመን እምቢታ ጨዋ ነው። ማመልከቻሽን በታላቅ ፍላጎት አነበብነው ይላል፤ መወሰኑ ከብዶን ነበር ይላል፤ ለወደፊት ሕይወትሽ መልካሙን ሁሉ እንመኝልሻለን ይላል። የኛ አገር ሰው እንዲህ አድርጎ የሚመርቅሽ ስትዳሪ ብቻ ነው።

ባለፈው የካቲት ታዲያ ከአንድ የውሃ ምርምር ተቋም ኢሜይል መጣ። ሥራው በአፍሪካ ሐይቆች አሳና በጥገኛ ትሎቹ ላይ ነው፤ በልኬ የተሰፋ ቀሚስ ማለት ነው። «አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴያችን በኢንተርኔት ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል» ይላል። የላብራቶሪ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ዕድሜዬም «የሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» ከሚባልበት አልፏል። ይህ ካመለጠኝ ሌላ እንዲህ በልክ የተሰፋ እንደማላገኝ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ለማንም ላልናገር ወሰንኩ።

ከዚያም ለጋሽ ሞላ ተናገርኩ።

ጋሽ ሞላ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ከጎጃም ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው፣ አርባ ምንጭ ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዋይፋዩ የሚይዘው እሳቸው ሳሎን ውስጥ ብቻ ስለሆነ ሳሎኑን ለመለመን ምክንያቱን መንገር ነበረብኝ።

«ጀርመን!» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ራይን ወንዝ! ስንት ጊዜ አስተማርኩት መሰለሽ። መቼ ነው ታዲያ የምትሄጂው?»

«አልሄድም ጋሽ ሞላ። ሊያነጋግሩኝ ብቻ ነው። እባክዎ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«እኔ? እኔ መቃብር ነኝ።»

መቃብሩ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ጋቢ ተሸክሞ በየግቢው ለሚዞር የዶርዜ ሸማኔ ነገሩት። ሸማኔው የትውልድ ሰፈሬ ሰው ነው። ወሬው ከእሱ ጋር ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ወደ ዶርዜ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ማታውኑ አክስቴ ቤት ገባ። ሲደርስ «አምስት የጀርመን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠርተዋታል» የሚል ሆኖ ነበር።

እውነት ለመናገር በወሬው ውስጥ ውሸት የለም። ችግሩ፣ በኛ በጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሰው ለሹመት ሲጠራ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ምክክሩም፣ ማማረጡም፣ ሐሜቱም የሚያልቀው አስቀድሞ ሰውየው በሌለበት ነው። የሚጠራው ሹመቱን እንዲሰማ ነው። ጠርቶ፣ ፊት ለፊት አቁሞ፣ «አንተን አይደለም» ማለት ለተጠራውም ለጠሪውም ውርደት ነው። የተሾመው ሰው ደግሞ አናቱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ገበያ ይወጣል። ሕዝቡ ያየዋል፤ አለቀ።

አሁን አክስቴን ላስተዋውቅ። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ድረስ ጎኗ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። ክሬ ቀጭንና ወጥ ስለነበር ሸማኔዎቹ ይሻሙበታል፤ በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤት ትሂድ የሚል ሰው አልተገኘም። አንድ ቀን፣ ማንም ያላየውን ጉጥ አይቼ ክሩን በጥሼ እንደ አዲስ ስጀምር አክስቴ ተመለከተችኝና እንዝርቱን ከእጄ ወሰደች። «ስህተት ይህን ያህል የሚያምሽ ከሆነ፣ ስህተት ወደሚታረምበት ቤት ሂጂ» ብላ አንደኛ ክፍል አስገባችኝ። የኔን ፈተል በራሷ ላይ ደርባ ፈተለች። ከትንንሾቹ መሃል ስቀመጥ ሰሌዳው ስለሚጋረድባቸው መምህሩ የመጨረሻው ወንበር ላይ አደረጉኝ፤ ከዚያ ወንበር ነው ማንበብ የለመድኩት። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አክስቴን ለምን እምቢ ማለት እንደማልችል እንድታውቁት ነው።

ቀጠሮው በእነሱ እኩለ ቀን፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ነበር። የካቲት፣ አርባ ምንጭ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዞ እንኳ አፉን ከፍቶ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ፀጉሬን ወደኋላ አስይዤ ጋሽ ሞላ ሳሎን ገባሁ። እሳቸው ለክብሬ ሲሉ ከኋላዬ ባለው ግድግዳ ላይ የማስተማሪያ ካርታቸውን ሰቅለዋል። አውሮፓ ነው። «አገራቸውን ሲያዩት ደስ ይላቸዋል» አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ካርታው ከማርጀቱ የተነሳ ጀርመን ገና ሁለት ናት።

«ጋሽ ሞላ፣ ይህ መውረድ አለበት።»

«ምን አደረገሽ?»

«ልክ አይደለም።»

«አንድ ሙሉ ትውልድ ያስተማርኩበት ካርታ ነው!»

ይህን ስንከራከር በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ናት። ጋቢዋን እንደ ደጋ ሰው ጥፍንግ አድርጋ ለብሳ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና ቆማለች። የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የማመጣላችሁ እኔ ነኝ። በጋሞኛው ከዚህ የበለጠ ትቆጣለች።

«ራስሽን ዝቅ አድርጊ» አለች ሰላምታውን ሳትጨርስ።

«አክስቴ፣ ምንድነው?»

«የቦራ ቅቤ ነዋ።» ቦራ ላሟ ናት። «አርጅታለች፤ መስቀል ሳይደርስ እሸጣታለሁ። ቅቤዋ ግን ይኸው፤ እይው እስኪ።»

«እኔ እኮ ገና አልተሾምኩም። ሊጠይቁኝ ነው። ይወዱኝ እንደሆነ አልታወቀም።»

«ስንት ናቸው?»

«አምስት።»

«አምስት ሽማግሌ ሥራ ፈትቶ ተሰብስቦ እምቢ ሲል የት አይተሻል?»

«እነሱ አገር እንደዚያ ነው።»

«አይሆንም። ሰዎች ናቸው አይደል?»

«እሺ፣ ሻሽ ልሰርበት።»

«ምን ሰርቀሽ ነው የምትሸፍኚው?»

እንዲያግዙኝ ወደ ጋሽ ሞላ ዞርኩ። ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ሲቀጡ የኖሩት ሰውዬ ካርታቸውን ማቃናት ጀመሩ። አክስቴ ቅጠሉን ፈታችው። ከጠዋት ጀምራ መንገድ ላይ የነበረች ሴት ናት። አጎነበስኩ።

ይህ ወግ የተቆረጠው ለደጋ ነው። ዶርዜ ላይ አናት ላይ ያረፈ ቅቤ ጉብ ብሎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ገበያውን ዞሮ እስኪመለስ ንቅንቅ አይልም። ቁልቁል አርባ ምንጭ ሲወርድ ግን ጠባዩ ይለወጣል። የሳይንስ ሰው ነኝ የምል ሴት ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አምስት ትንንሽ መስኮቶች ተከፈቱ፤ በየመስኮቱ አንዳንድ ጀርመን። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉራቸውን አጠር አድርገው የተቆረጡ ፕሮፌሰር ናቸው። ሰላምታው በሁለት ቃል አለቀ። መነጽር ያደረገ አንድ ሰውዬ ግን ዓይኑን ከኋላዬ ካለው ግድግዳ ላይ አልነቅል አለ።

«ይቅርታ» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ የተወለድኩት በዚያኛው ጀርመን ነው።»

ጋሽ ሞላ በር ላይ ሆነው በኩራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ገለጻዬን ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ስላይዶች በሰላም አለፉ። ቆሮሶው ከየትኛው የሐይቁ ዳር ሲያዝ ትሉ እንደሚበዛበት ማስረዳት ስጀምር፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ከፀጉሬ ሥር ወጥታ ግንባሬ ላይ ቆመች። አሰብ አደረገች። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ቅንድብ ላብ ያግዳል ይባላል፤ ቅቤ ሲያግድ ግን አላየሁም። መጀመሪያ ግራ ዓይኔ ሄደ። በቀኙ ቀጠልኩ። ቀኙም ተከተለው።

ዓይኔን በጣቴ ጠረግ አደረግኩ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ በዚያው ጣት ላፕቶፑን ነካሁት። ቅቤ የነካው ጣት ባሰቡት ቦታ አይቆምም። ስላይዶቹ ሽምጥ ጋለቡ። ትሎቹ አለፉ፣ መረቦቹ አለፉ፣ ሐይቁ ከነጀልባው አለፈ፤ ያቆሙት መጨረሻው ላይ፣ «ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ» በሚለው ነው። ለማመስገን ገና ነበር፤ ስለ ትዕግሥታቸውም የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ልመልሰው ብሞክር ባሰ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ የሌለውን ሥዕል በቃሌ ማስረዳት ቀጠልኩ። «ይህ ሥዕል ቢታያችሁ ኖሮ በስተግራ በኩል ረዘም ያለ ዓምድ ታያላችሁ። አጠገቡ ያለው አጠር ይላል። የማጠሩን ምክንያት አሁን እነግራችኋለሁ።» ጠብ፣ ጠብ፣ ሸሚዜ ላይ።

ከመስኮቶቹ በአንዱ ያለች ወጣት ሴት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትንሽ ማረፍ ትፈልጊያለሽ? ምንም ችግር የለም። ስሜትሽ ይገባናል።»

የማለቅስ መስሏታል። ያልሆነ ነገር ተመዝግቦብኝ ዝም ማለት አልችልም። «አላለቀስኩም» አልኳት። «ቅቤ ነው።»

አምስቱም እንደ ፎቶ ደርቀው ቀሩ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ የመነጽሩ ሰውዬ ዓይኑን ሲያርገበግብ አይቼ አለመሄዱን አወቅኩ።

«የምን ቅቤ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«የላም» አልኩ። ይህ በቂ አለመሆኑን ከፊታቸው ስላየሁ ወጉን ከነምክንያቱ አስረዳሁ። ለማን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚደረግ፣ በደጋና በቆላ ያለውን ልዩነት ጭምር።

«እኛ እኮ ገና አልወሰንንም።»

«አክስቴን ነግሬያት ነበር።»

«ምን አለች?»

«አምስት ሽማግሌ ተሰብስቦ እምቢ አይልም አለች።»

አምስቱም በየመስኮታቸው ሌላውን የሚያዩ መሰሉ። «ስድስት ሰው ጠርተናል» አሉ ፕሮፌሰሯ ሳይስቁ። «እስከ አርብ ለአምስቱ እምቢ እንላለን።»

ወደድኳቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምናገረው ቁጥሩን ነበር።

ከዚያ ወረቀት ገለጡ። «አማካሪሽ፣ ሌላው ሰው የቆጠረውን መልሳ ትቆጥራለች ይላሉ። እውነት ነው?»

«አዎ።»

«ምን አገኘሽ?»

«ስህተት።»

«ብዙ?»

«የራሴም አለበት።»

ጻፍ ጻፍ አደረጉ። መልካም ይሁን መጥፎ ግን ከፊታቸው አይነበብም። ጀርመን ሲጽፍ የሚታየው መጻፉ ብቻ ነው።

ልንሰናበት ስንል አክስቴ የበሩን ቀዳዳ ሲጠብቁ የነበሩትን ጋሽ ሞላን ገፋ አድርጋ ገባች። የሾሙኝን ሰዎች ሳትሳለም ልትመለስ ነው እንዴ! ከካሜራው ፊት ጎንበስ ብላ በየተራ፣ መስኮት በመስኮት፣ ሰላም አለቻቸው። «ከብቶቻቸው ደህና ናቸው ወይ በያቸው» አለችኝ። አልኳቸው። አምስት የተማሩ ሰዎች ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ሰነፍ ተማሪ አንዱ የሌላውን መልስ መጠበቅ ያዙ። ኋላ ወጣቷ ሴት «እኔ ድመት አለኝ፤ ደህና ናት» አለች። ተረጎምኩላት።

«ድመት ብቻ?» አለች አክስቴ ከልቧ አዝና። «ሌሎቹስ ምንም የላቸውም? ታዲያ ይህን ያህል ድሃ ናቸው እንዴ?»

ይህን አልተረጎምኩትም። በአስተርጓሚነት ያጎደልኩት እሱን ብቻ ነው።

ቃለ መጠይቁ አለቀ፤ መከራው ግን ጀመረ። አክስቴን መናኸሪያ ድረስ ስሸኝ አናቴን ያላየ የለም፤ ትርጉሙን ለማያውቀው ደግሞ የሚያውቀው አስረዳው። በማግስቱ የግቢው ጎረቤቴ ጀርመን ላለች የእህቷ ልጅ የሚሆን በርበሬ በፌስታል ቋጥራ አመጣችልኝ።

«ጀርመን የት ነው ያለችው?»

«ጀርመን ነዋ!»

«አልሄድም እኮ። ገና አልተነገረኝም።»

«እሺ፣ ስትሄጂ ትወስጂላታለሽ። ሚጥሚጣው ነገ ይደርሳል።»

ጋሽ ሞላ ደግሞ አንድ የባንክ ሠራተኛ ይዘው መጥተው ቤቴን በር ላይ ሆነው ያስጎበኙት ጀመር። «ፀባየኛ ተከራይ ነበረች» ሲሉት ሰማሁ፤ ስለ ሟች የሚነገር ይመስላል። ላብራቶሪ ስገባ ማይክሮስኮፔ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንቺ መሄድሽ ስለሆነ ኮንትራትሽን ለማደስ ደብዳቤ መጻፉ አላስፈለገም። እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉኝ። አሳ አጥማጆቹ እንኳ «እንግዲህ ሆድ ዕቃውን ለማን እንስጥ?» ብለው አዘኑ። ያለመሄዴን ለማስረዳት ብምል ብገዘት «ትሑት እኮ ናት» ይሉኛል። ሒሳቡን ሠራሁት። ጀርመኖቹ እምቢ ካሉኝ ሥራ የለኝም፤ ቤት የለኝም። በርበሬ ግን አለኝ።

አርብ ዕለት መልሱ መጣ። ሁለተኛ ወጥተሻል ይላል። ቦታው ለአንደኛው ተሰጥቷል፤ ምናልባት እሱ ካልተቀበለው እናሳውቅሻለን። ከታች መልካሙን ሁሉ እንመኝልሻለን የምትለዋ ምርቃት አለች። ያቺን ምርቃት አውቃታለሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁና፣ መጥፎ ነገር በቶሎ መነገር አለበት ብዬ አክስቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ሁለተኛ ሆንኩ።»

«ሁለተኛ ማለት?»

«አንድ ሰው በልጦኛል። ቦታው የእሱ ነው።»

«እሱ የሌለ እንደሆነስ?»

«እሱ ከሌለ እኔ ነኝ።»

«ምክትል ነሻ!» አለች ስልኩን የሚሰነጥቅ እልልታ ጨምራ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አላለቀስኩም።» ይህኛው እንኳ ቅቤ አልነበረም።

ምክትል መሆኔ በሸማኔው በኩል ተመልሶ ግቢያችን ደረሰ። ጋሽ ሞላ «ምክትል ዶክተር» ይሉኝ ጀመር። የባንኩ ሠራተኛ ግን ቀብድ አስይዟል፤ እስከ ሰኔ እንድለቅ ተነገረኝ። ቀን ቀን ትል እየቆጠርኩ፣ ማታ ማታ ሌሎች ማስታወቂያዎች እያነበብኩ ሰነበትኩ። አንዳቸውም በልኬ አልተሰፉም። አንዱ ባሕር ይላል፤ አንዱ ወፍ ይላል፤ አንዱ እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ይላል።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሆድ ዕቃ እየከፈትኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጓንቴን አውልቄ አየሁት። አንደኛው ሌላ ቦታ ስላገኘ ትቶታል፤ ቦታው ያንቺ ነው፤ ትቀበያለሽ ወይ? ይላል። ስሜ በትክክል መጻፉን አየሁ። አድራሻዬን አየሁ። ሰዎች ይሳሳታሉ፤ እኔ እንደማውቀው የሚያውቅ የለም። «ይህ ኢሜይል ለእኔ የተጻፈ መሆኑን እርግጠኛ ናችሁ ወይ?» ብዬ መለስኩ። ፕሮፌሰሯ ሳይቆዩ ጻፉልኝ፤ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

«አዎ። ሁለቴ ቆጥረነዋል።»

በማግስቱ ዶርዜ ወጣሁ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፤ ጭጋጉ ጋ ስንደርስ ሹራቤን ደረብኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ለሰው ስነግረው የሚያሳፍረኝ ነገር። ቅቤውን ፈለግኩት። ያን ቀን ያለ ቦታው፣ ያለ ጊዜው፣ ያለ አገሩ የተቀባሁት ቅቤ አሁን ቦታውም ጊዜውም አገሩም ደርሶለት ነበር። በዚህ ብርድ ጉብ ብሎ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ገበያውንም ልዞር ቆርጬ ነበር፤ ሻሽ ሳላስር ሄድኩ።

አክስቴን ቤቷ ውስጥ፣ ከብቱ በሚያድርበት በኩል፣ ከላሟ ከቦራ ጎን ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት። «አክስቴ፣ ተሾምኩ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የካቲት ላይ አልተሾምሽም እንዴ?»

«ያኔ ምክትል ነበርኩ። አሁን ሰውየው ተወውና እኔ ሆንኩ። እርግጠኛ ነው፤ ጠይቄያለሁ።»

«እሰይ። ምክትል ምን ሊሠራ ይቀመጣል? ሊተካ ነው እንጂ።» ወደ ፈተሏ ተመለሰች።

ፊቷ በርከክ አልኩና አናቴን ዝቅ አደረግኩላት።

«ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል?»

«ቅቤውን።»

«የምን ቅቤ?»

«የሹመቱን።»

እንዝርቷን አቆመች። «ተቀብተሻል እኮ! ለአንድ ሹመት ሁለት ጊዜ ቅቤ ማን ሲቀባ አየሽ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ተነሽ፤ ስስት ነው።»

«ያ እኮ ፈስሶ አለቀ።»

«መፍሰሱ የአርባ ምንጭ ጥፋት ነው እንጂ የኔ አይደለም።»

ተነሳሁ። ጉልበቴን አራገፍኩ። ሁሉን ነገር ሁለቴ ስቆጥር የኖርኩ ሴት፣ ሁለቴ የማይቆጠር ነገር እንዳለ በጋሞ ደጋ ላይ ተማርኩ። ፊቴን አይታ ግን ሆዷ ባባ መሰለኝ።

«ደሞ እዚያ ሄደሽ ስትጨርሺ ዶክተር ሊሉሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እሱ ሌላ ሹመት ነው። ለሱ ይቀባል። ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አራት ዓመት።»

«አራት?» አክስቴ ቦራን ከቀንዷ እስከ ጭራዋ፣ አምስቱ ጀርመኖች እኔን ካዩኝ በበለጠ ጥንቃቄ አየቻት።

«እንግዲያው አልሸጣትም» አለች።